የጎመን ምንቸት፦ ያልተገበረና ያልተጻፈ የአምበር ማእድ ታሪክ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በጎጃም ደጋ ቤቶች፣ በሌላውም የአማራ አገር፣ አንድ የቆየ አባባል ይነገራል፦ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ»። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን የዓመት መለወጫ ጨዋታ አድርገን እናልፈዋለን። እኔ ግን ዛሬ እንደ ታሪክ ሰነድ እናነበው ዘንድ እጋብዛችኋለሁ። አባባሉ የሚመሰክረው ግልጽ ነው፤ ሁለት ምንቸት አለ፣ እያንዳንዱም የራሱ ወራት አለው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ስለ ገንፎው ምንቸት፣ ማለትም ስለ እህሉ፣ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጎመኑ ምንቸት ግን መዛግብቶቻችን ዝም ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዝምታ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ የምትገኘውም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። በስተደቡብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተሰሜን ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጮቄ ተራራ ይወጣል። ስለዚህ የቆላው ማሽላ፣ የወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ የደጋው ገብስና ድንች በአንድ አካባቢ ገበያ ይገናኛሉ። ይህ ሁሉ በረከት ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም። ሰኔ ገብቶ ዘር መሬት ሲይዝ ጎተራው ይራቆታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ገበሬው ያለፈውን ዓመት እህል ጥራጊ ይዞ የሚመጣውን ይጠብቃል። በእነዚሁ ወራት ምድሪቱ በተቃራኒው አረንጓዴ ትለብሳለች። ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት አጥሩ ሥር፣ የወንዙ ዳር፣ የማሳው ድንበር በቅጠል ይሞላል። የጎመን ምንቸት በጉልቻ ላይ የሚቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ምንቸት የሚገባው የጓሮው የሐበሻ ጎመን ብቻ አይደለም። ሳማም አለ። በሳይንስ ስሙ የሰሜን ተራሮችን የሚያስጠራው የእኛው ሳማ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። እናቶች እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለጋ ለጋውን ይቀነጥባሉ፤ አጥበው ይቀቅሉታል፤ እሳቱ የሚለበልበውን ጠባዩን ያጠፋዋል። ከዚያ በማማሰያ እየመቱ ትንሽ የገብስ ዱቄት ወይም ሽሮ ነስንሰው፣ ጨው ጨምረው፣ በእንጀራ ያቀርቡታል። ከነሐሴ 1 እስከ 16 የሚጾመው ፍልሰታ የሚውለውም በዚሁ ወቅት ነው። ቅቤና ወተት በማይበላበት ጊዜ ቅጠሉ ከኑግ ወይም ከተልባ ጋር ይሰናዳል። እንግዲህ የጾሙ ሥርዓት፣ የዝናቡ ወራትና የጎተራው መጉደል በአንድ ምንቸት ውስጥ ይገናኛሉ። መስከረም ሲጠባም የገብሱና የባቄላው እሸት ተከትሎ ይመጣል፤ ሰዉም ከቅጠል ወደ ፍሬ ይሸጋገራል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ነገር ስለ ምን አልተጻፈም?

መልሱን ለማግኘት ስለ ምግብ የተጻፈውን መመልከት ይበቃል። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ቤተ መንግሥት «ሥርዓተ ግብር» የሚባል ጽሑፍ ነበረው፤ ለማን ምን እንደሚቀርብና ማን ምን እንደሚያስገባ ይደነግጋል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ እ.ኤ.አ. በ1887 እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁት ታላቅ ግብር አለ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለዚሁ ግብር ነው። ከቤተ መንግሥት ውጭም ቢሆን አሥራት የሚሰፈረው ከእህል፣ ግብር የሚከፈለው ከእህል፣ ከከብትና ከማር ነበር። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው እንኳ መሬቱ ይለካል፣ ምርቱ ይገመታል በሚል ስጋት ነው። አጥር ሥር የበቀለን ሳማ ለመስፈር የመጣ ሹም አልነበረም። በአጭሩ፣ ያልተገበረ አልተጻፈም። መዝገብ የሚመዘግበው ገዥ ሊወስደው የሚችለውን ነው።

ነገር ግን ከመዝገብ ያስቀረው ይኸው ጠባይ ሕይወት ያተረፈበት ጊዜም ነበር። የጣይቱ ግብር ከተበላ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው «ክፉ ቀን» መጣ። ጎጃም በዚያው ሰሞን ሌላ መከራም ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1888 መጀመሪያ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በሳር ውኃ በማህዲስቶች ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ አፄ ዮሐንስ ንጉሡን ለመቅጣት በጎጃም ላይ ዘምተው አገሩን አስዘረፉ። በዚያ ዘመን ወታደር የሚመገበው ከገበሬው ጎተራ ነው። ወታደሩ እህሉን ያወጣል፣ ከብቱን ይነዳል፣ ዶሮውን ያርዳል። ያልተዘራና ያልታጨደ ቅጠል ግን ተዘርፎ አያልቅም። ስለዚያ ክፉ ቀን ሪቻርድ ፓንክኸርስት በጻፋቸው ጥናቶች ሰዎች በሰላሙ ጊዜ የማይነኩትን ሥርና ቅጠል እስከ መብላት እንደ ደረሱ እናነባለን።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። «ታዲያ ይህ የረሃብ ታሪክ እንጂ የምግብ ታሪክ ነውን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ረሃቡን አልክድም፤ ማስዋብም አልሻም። በድርቅም በውኃም ጸንቶ የሚበቅለው ጓያ ለብዙ ጊዜ አዘውትረው ሲበሉት እግር እንደሚያሽመደምድ የጎጃም ሰው ያውቃል። ነገር ግን በረሃብ ቀን የተገኘን ሁሉ መቦጨቅና በየዓመቱ በወራቱ ማብሰል የተለያዩ ናቸው። ለጋውን ከጎለመሰው መለየት፣ የሚቀቀልበትን ጊዜ ማወቅ፣ ከየትኛው ዱቄት ጋር እንደሚስማማ መፍረድ፣ በኮሰረት ቅቤ ማንጠር፣ ጦስኝና ጤና አዳም ለየትኛው እንደሚገባ መወሰን ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ሥራ የተላለፈ ነው። በክፉ ቀን ሕዝቡን ያተረፈውም በደኅናው ቀን ሳይቋረጥ ስለ ተሠራበት ነው። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት የፈጠረው ይኸው ኅብረተሰብ መሆኑን አንርሳ።

ሁለቱን ነገር ስናምታታ ኀፍረት ይወለዳል። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሳማ በተበላ ቀን ጓደኞቼ «ምሳ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ሽሮ» ብዬ እመልስ ነበር። ሽሮ ተነስንሶበታልና ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ ያን መልስ ሳስታውስ መዝገብ እንዴት እንደሚጎድል ይገባኛል፤ ጸሐፊው የተወውን ባለቤቱም ሲደብቀው ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

ዛሬ የሚጠፋውም ትዝታው ብቻ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አሁን የማሳ ድንበርና የወንዝ ዳር ይዟል። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው «ቱፎርዲ» የተባለው ጸረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት፣ የሚበላውን ከማይበላው ሳይለይ፣ ያደርቃል። ለገበሬው የአረም ድካም ቀንሶለታል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። በማሳው መካከል ይለቀም የነበረው ቅጠል ግን በዚያው ይቀራል። የዕፅዋት ሊቃውንቱ ዘመደ አስፋውና መስፍን ታደሰ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በዱር የሚበቅሉ የምግብ ዕፅዋት ያላቸውን ተስፋ አመልክተው ነበር። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዕፅዋት ዘረ መል ማእከልም ነበራት፤ ሥራው በተተኪው ተቋም ዛሬም ይቀጥላል። ዘሩን በማቀዝቀዣ ማቆየት ይቻላል። ዘሩ ቅጠል ሆኖ ሲበቅል እንዴት እንደሚቀነጠብና እንደሚበስል የሚያውቀው እጅ ግን ማቀዝቀዣ የለውም።

ስለዚህ ንግግሬን የምዘጋው ለተማሪዎቻችን በምሰጠው የቤት ሥራ ነው። በመጪው ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። «በረሃብ ምን በላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይህ ጥያቄ ኀፍረትን ይቀሰቅሳል፣ መልሱንም ያሳጥራል። «በሐምሌ ምን ይበስል ነበር? በነሐሴስ? ከየት ይለቀማል? ማን አስተማረሽ?» በሉ። ከተቻለ አብራችሁ ልቀሙ፣ ምንቸቱ ሥር ተቀምጣችሁ ጻፉ። የቅጠሉን የአካባቢ ስም፣ የበቀለበትን ስፍራ፣ የበሰለበትን ወር፣ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑን መዝግቡ።

የገንፎው ምንቸት ጸሐፊ አግኝቷል። የጎመኑ ምንቸት በየመስከረሙ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ውስጡን አይቶ መጻፍ አለበት፤ ያም ሰው ከእናንተ መካከል እንዲሆን እመኛለሁ።