ሩቁን እንደ ቅርብ

የእህቴ ልጅ ፕሮግራም እየተማረ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ኦብጀክት እዚሁ እንዳለ ቆጥረህ ትጠራዋለህ» አለኝ። ነገሩ ይጥማል፤ ግን እውነት ነው እንዴ?

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ቢሬልና ኔልሰን የተባሉ የዜሮክስ ተመራማሪዎች የሩቁን ፕሮግራም እንደ ቅርቡ የሚያስጠራ ዘዴያቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። በ1991 የወጣው ኮርባ ደግሞ ይህንኑ ለኦብጀክቶች አደረገው። ጠሪው አጠገብ የሚቀመጠው ወኪል ነው፤ መልእክቱን ጠቅልሎ ይልካል፣ መልሱን ተቀብሎ ያደርሳል።

በ1994 ግን የሰን ማይክሮሲስተምስ ሰዎች፣ ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ፣ «ተዉ፣ ሩቅና ቅርብ አንድ አይደሉም» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሩቁ ይዘገያል። ይባስ ብሎም ዝም ይላል። መንገድ የቀረው መልእክቱ ይሁን መልሱ፣ ጠሪው በምን ይወቅ? «ብር አስተላልፍ» ብለኸው ዝም ቢልህ ደግመህ ትልካለህ? ሁለቴ ቢከፈልስ?

ከጸሐፊዎቹ ዋልዶና አን ዎልራት የተሳተፉበት የጃቫ አርኤምአይ በ1997 ሲወጣ፣ የሩቅ ጥሪ ሁሉ ሊከሽፍ እንደሚችል ፕሮግራመሩ በግድ እንዲያስብበት አደረገ።

ደብዳቤ ጽፎ መልስ የጠበቀ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ መጥራቱን ቶሎ ትለምደዋለህ፤ መልስ ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ግን አስቀድመህ ተማር።