አይዳን ያነገሠች ድምፅ፤ የሊዮንቲን ፕራይስ ታሪክ

የኦፔራ ዘፋኝ፣ ድምፅ ማጉያ ሳይታገዝ፣ በትንፋሹ ጉልበትና በጉሮሮው ጥበብ ብቻ፣ በፊቱ ከተደረደረው የሙዚቃ ጓድ ድምፅ በላይ ወጥቶ፣ ከሦስት ሺህ ሰው በላይ የሚይዘውን አዳራሽ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መሙላት ግዴታው ስለሆነ፣ ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው ከተፈጥሮ ጸጋ በላይ የብዙ ዓመት ትምህርትና ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በ20ኛው ምእት ዓመት ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ከፍ ባለው በሶፕራኖ ድምፅ ስማቸው ከተጠራው ዘፋኞች መካከል፣ ይህን ትዕግሥት ከታላቅ ጸጋ ጋር አስተባብራ የያዘች አሜሪካዊቱ ሊዮንቲን ፕራይስ ናት።

ሊዮንቲን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1927 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚሲሲፒ ግዛት፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠራ፣ እናቷ አዋላጅና በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል የምትዘምር ነበረች፤ ስለዚህ የልጅቱ ጆሮ አስቀድሞ የተቃኘው በቅዱስ መዝሙር ነው። ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው ይማሩ፣ ተለይተው ይቀመጡ በነበረበት በዚያ አገር፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት እናቷ ማሪያን አንደርሰን የተባለችውን ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ እንድትሰማ ወደ ጃክሰን ከተማ ይዛት ሄደች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ልቧ ወደ መድረክ አዘነበለ።

በኦሃዮ የሙዚቃ መምህርት ለመሆን ተምራ ከጨረሰች በኋላ፣ በትውልድ ከተማዋ የታወቀ አንድ ቤተ ሰብ በገንዘብ ረድቷት በኒውዮርክ ወደሚገኘው ወደ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፤ በዚያም ከመምህርቷ ከፍሎረንስ ፔጅ ኪምቦል ዘንድ የድምፅን አገዛዝ ተማረች። በ1952 በጆርጅ ገርሽዊን ኦፔራ በፖርጊና ቤስ ውስጥ ቤስን ሆና በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ተዘዋወረች። በ1955 ቶስካ በተባለው ኦፔራ ቶስካን ሆና በቴሌቪዥን ስትዘፍን በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ጥቁር ሴት በዚህ ድርሻ መታየቷን ጠልተው ፕሮግራሙን አናስተላልፍም አሉ፤ እርሷ ግን መልሷን በሥራዋ ሰጠች። በ1958 በታላቁ የሙዚቃ ጓድ አዛዥ በሄርበርት ፎን ካራያን መሪነት፣ አይዳ በተባለው ኦፔራ አይዳን ሆና በቪየና ዘፈነች፤ በ1960 ደግሞ በዚሁ ድርሻ በሚላኖ ላ ስካላ መድረክ ቆመች።

በኒውዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አስተዳዳሪ በእንግድነት መጥታ አይዳን እንድትዘፍን ቀደም ብሎ ጋብዟት ሳለ፣ በዚያ ታላቅ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ እንደ አይዳ ባለ በባሪያ ድርሻ ሳይሆን በእመቤት ድርሻ መሆን ይገባታል የሚል ምክር ተቀብላ፣ እምቢ ብላ ጊዜዋን ጠበቀች። ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 በጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ በኢል ትሮቫቶሬ ውስጥ መኳንንታዊቷን ሊዮኖራን ሆና ስትወጣ፣ በመጨረሻው የሕዝቡ ጭብጨባ 40 ደቂቃ ያህል እንደቆየ ይነገራል። ማሪያን አንደርሰን በ1955 በዚሁ መድረክ ለጥቁር ዘፋኞች የከፈተችውን በር ሊዮንቲን ሰፊ ጎዳና አደረገችው፤ ስለዚህም በ1966 የሜትሮፖሊታን አዲሱ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ሳሙኤል ባርበር በደረሰው ኦፔራ ውስጥ ክሊዮፓትራ ሆና የዘፈነችው እርሷ ነበረች።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ስሟ የሚከብርብን ይልቁንም በአይዳ ምክንያት ነው። አይዳን የደረሰው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ይሁን እንጂ ባለ ታሪኳ በግብፃውያን የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 በካይሮ ነው። በመድረክ ግብፅን ባለ ድል፣ ኢትዮጵያን ምርኮኛ አድርጎ ያሳየው ይህ ገዢ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ቢያዘምት፣ ሠራዊቱ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ገጥሞ ድል ሆነ። በኦፔራው ውስጥ ግን አይዳ ምርኮኛ ናትና፣ ክብሯን መመለስ የዘፋኟ ዕዳ ነው።

ሊዮንቲን ይህን ዕዳ የከፈለችው እንደ ማንም አልነበረም። ሌሎች አይዳን ለመምሰል ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ በነበረበት ዘመን፣ እርሷ የገዛ ቆዳዋን እንደ ካባ ደርባ ቀረበች። በሦስተኛው ገቢር፣ በሌሊት በአባይ ዳር ብቻዋን ቆማ ዳግመኛ የማታያትን አገሯን ስትናፍቅ፣ ዜማው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣና የሶፕራኖ ድምፅ ድንበር በሚባለው ከፍተኛ ዶ ላይ ይደርሳል፤ ይህንም በጩኸት ሳይሆን በለሰለሰ ትንፋሽ መያዝ ግድ ስለሆነ፣ ብዙዎች የሚፈሩት ስፍራ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ሜትሮፖሊታንን የተሰናበተችው በዚሁ በአይዳ ሲሆን፣ ይህን ዜማ ስትጨርስ ሕዝቡ ለደቂቃዎች አጨብጭቦ ጨዋታውን አቆመው። ከዚያም በኋላ ልዕልቲቱን አልተወቻትም፤ በ1990 ታሪኳን ለሕፃናት በመጽሐፍ ጻፈች።

እንግዲህ ከዚህች ሴት ሕይወት የሚገኘው ትምህርት፣ ችሎታ ያለው ሰው የተከፈተለትን በር ሁሉ መግባት እንደማይገባውና፣ ለክብሩ በማይስማማው በር አልገባም ለማለት የሚያበቃው ደግሞ በሥራው የደረሰበት ፍጹምነት መሆኑ ነው። ሊዮንቲን እምቢ ያለችው ትዕቢት ይዟት ሳይሆን የድምፅዋን ልክ ስለምታውቅ ነው፤ ኋላም ያንኑ የምርኮኛ ድርሻ በፈቃዷ ይዛ የንግሥና ግርማ አለበሰችው። በመሆኑም የኢትዮጵያን ልዕልት በዓለም መድረክ በዚህ ክብር ያቆመች ሴት ታሪክ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ለሚማሩ ልጆች ሊነገር፣ ድምፅዋም ሊሰማ ይገባል።