የአርማታን ጥንካሬ አስቀድሞ የማወቅ ጥረትና የመሐል ሜዳ ብርድ

የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ግድግዳውን በደጋው ድንጋይ ይክባል፤ ጣሪያውንም በጓሣ ሣር ይከድናል። የግድግዳው ጥንካሬ ምስክር የግንበኛው ዓይንና በላዩ ያለፈው ክረምት ብዛት ነበር። አርማታ ግን ይህን ያህል ዘመን አይጠብቅም። ካሳፎርማው ከመፈታቱና ሌላ ፎቅ ከመጫኑ አስቀድሞ ጥንካሬው መታወቅ አለበት።

ይህን ጥያቄ በቀመር ከመለሱት ሊቃውንት መካከል ስሙ ጐልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው ዳፍ ኤብራምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ጥናት፣ ውኃው ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር በበዛ ቁጥር የአርማታው ጥንካሬ እንደሚቀንስ በብዙ ሙከራ አስረዳ። ቀጥሎም በብሪታንያ ነርስ በ1949፣ ሶል ደግሞ በ1951 ዕድሜ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሙቀትም አብሮ መቈጠር እንዳለበት አመለከቱ። በእነርሱ ስሌት በ20 ዲግሪ 28 ቀን የቆየ አርማታ የሚደርስበትን ብስለት፣ በ10 ዲግሪ የሚቆየው የሚያገኘው በ42 ቀን ነው።

በአገራችን ሲሚንቶ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ሲሆን፣ የሙገር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ግን ዓለም ሲሚንቶን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል፤ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይም 8 ያህሉ ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነውና። አብዛኛው የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ክሊንከር ሲሆን ስለሆነ፣ መፍትሔው የክሊንከሩን ድርሻ በብረት ማቅለጫ ዝቃጭ፣ በድንጋይ ከሰል አመድ፣ በተቃጠለ ሸክላ አፈር ወይም በስምጥ ሸለቋችን በሚገኘው ፑሚስ መተካት ሆኗል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሮማውያንም የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ገንብተዋል።

ይሁን እንጂ የቅልቅሉ ዓይነት ሲበዛ የኤብራምስ ቀላል ቀመር ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታይዋኑ ተመራማሪ ዬህ ጥንካሬን በኮምፒዩተር የነርቭ መረብ ተነበየ። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ይህ ስልት ቀመር ሳይሰጠው ከቀድሞ ናሙናዎች ይማራል። ዬህ በኋላ ለተመራማሪዎች ያበረከተው መዝገብ 1,030 ናሙናዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ናሙና ግቤቶችም ስምንት ናቸው፦ ሲሚንቶ፣ ዝቃጭ፣ አመድ፣ ውኃ፣ ማለስለሻ ኬሚካል፣ ጠጠር፣ አሸዋና ዕድሜ። ዛሬ በዚህ ርእስ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች ይህንኑ መዝገብ ይጠቀማሉ።

ነገር ግን ከስምንቱ መካከል ፑሚስ የለም፤ ሙቀትም የለም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ፑሚስ ያለበት ሲሚንቶ ደግሞ በተፈጥሮው ዘግይቶ የሚጠነክር ነው፤ ብርድም ይበልጥ ያዘገየዋል። እንግዲህ በሌላ አገር ናሙና የተማረው ኮምፒዩተር ለመንዝ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ምሰሶ በ28 ቀን የሚተነብየው ቍጥር፣ ምሰሶው በእውነት ካለው ጥንካሬ ሊበልጥ ይችላል። አደጋው የሚገለጠው ግን ካሳፎርማው ከተፈታ በኋላ ነው።

ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር መዝገብ መያዝ ነው። በየሥራው ቦታ የሚሰበረው ኪዩብ ሁሉ ከቅልቅሉ፣ ከሲሚንቶው ዓይነትና ከሙቀቱ ጋር ተጽፎ በአንድነት ቢከማች፣ ኮምፒዩተሩ ከራሳችን ደጋ ይማራል። እስከዚያው የመጨረሻው ዳኛ እዚያው በቦታው በርዶ የጠነከረው ኪዩብ ነው።