የትራንስፈር ብልሽት ምርመራ

ትራንስፈር በአራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ከካምቢዮ ጀርባ ተያይዞ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያከፋፍል የጥርስ ሳጥን ነው። ምርመራው ሕመሙ ሳጥኑ ውስጥ መሆኑን ወይም በዙሪያው ባሉ ክፍሎች ላይ መሆኑን ይለያል። በትራንስፈር የሚሳበብ ብልሽት ብዙ ጊዜ ምንጩ ጎማ፣ ሀብ (የፊት ጎማን ከሻፍቱ ጋር የሚያቆልፈው ክፍል)፣ ማንሻ ወይም ዘይት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ሳጥኑን መክፈት የመጨረሻው እርምጃ ነው።

በመካነ ሰላም ከተማና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ወረዳዎች፣ አሮጌ ላንድክሩዘርና መሰሎቹ ዛሬም ለመንግሥት ሥራ፣ ለእርዳታና ለሰው ማመላለሻ ያገለግላሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውም ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠግኖ የማቆየትን ዋጋ ከፍ አድርጎታል።

አሠራር

በማንሻው ራስ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ቦታዎች ይጻፋሉ። 2ኤች ኃይሉን ለኋላ ጎማ ብቻ ይሰጣል። 4ኤች በተለመደው ፍጥነት ለአራቱም ያከፋፍላል። 4ኤል ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። ኤን ደግሞ ካምቢዮውን ከሁለቱም ዲፈረንሻሎች ይለያል። በ4ኤል ጉልበቱ የሚባዛበት መጠን እንደ ሞዴሉ ይለያያል፦ በላንድክሩዘር 80 2.5 እጥፍ ገደማ፣ ኤልቲ230 በተባለው የላንድሮቨር ዲፌንደር ትራንስፈር ደግሞ 3.32 እጥፍ ነው።

ሳጥኖቹ በሁለት ይከፈላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተመረተው ላንድክሩዘር 70 በአብዛኛው ሲፈለግ ብቻ አራቱንም ጎማ የሚያስገባ ነው፤ ሲገባ የፊቱና የኋላው ሻፍት ያለ ልዩነት አንድ ላይ ይታሰራሉ። ዲፌንደርና አብዛኛው ላንድክሩዘር 80 ግን ሁልጊዜ በአራቱም ይጎትታሉ። በትራንስፈራቸው ውስጥ የፊትና የኋላውን የፍጥነት ልዩነት የሚያስተናግድ መካከለኛ ዲፈረንሻል አለ፣ ሲያስፈልግም ይቆለፋል። የውስጥ አሠራራቸውም ይለያያል፦ የላንድክሩዘር 70 በጥርስ ብቻ ሲሠራ፣ የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው በሰንሰለት ነው።

የአገሩ ጫና

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አሽከርካሪው ቆላ ላይ በ4ኤች የሚወጣውን ዳገት እዚህ በ4ኤል ይወጣዋል፤ ትራንስፈሩም በዚያው ልክ ይሠራል።

ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል አለው። እዚህ 4ኤል የሚፈለገው ፍሬን እንዳይግል መኪናውን በሞተር ለመያዝ ነው። ክረምት ሲገባ የከላላና የጃማ አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር ጎማ ላይ ይጠመጠማል፤ ወንዝ መሻገርም አለ። እነዚህ ሁሉ በሳጥኑ ጥርስ፣ ኩሽኔታና ዘይት ላይ አሻራ ይተዋሉ።

ብልሽት የሚመስሉ ነገሮች

ላንድክሩዘር 70 በደረቅ አስፋልት ላይ በ4ኤች ሲነዳ መሪው ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይ መኪናው የሚንገታገት ይመስላል፣ ማንሻውም ወደ 2ኤች አልመለስ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሻፍቶቹ ግን ታስረዋል። ጭቃ ላይ ጎማው በመንሸራተት ልዩነቱን ያካክሳል፤ አስፋልት ላይ ስለማይንሸራተት ሻፍቶቹ ይጠማዘዛሉ። መኪናውን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ጥምዝዙን ይፈታዋል፣ ማንሻውም ይለቃል። ማንሻውን በኃይል መጎተት ግን የውስጡን ሹካ ሊያጎብጥ ይችላል።

የጎማ ልዩነትም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣል። ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ከተገጠመ ዙሪያቸው ስለሚለያይ ቀጥ ባለ መንገድም ጫና ይፈጠራል። የአራቱንም መጠንና ንፋስ ማየት የምርመራው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ የፎር ዊል መብራት መብራቱም የፊት ጎማ ለመጎተቱ ማረጋገጫ አይሆንም። በብዙ መኪኖች መብራቱ የሚናገረው የሳጥኑን ማርሽ አቀማመጥ ብቻ ነው። በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ካሉት ሀቦች አንዱ ካልተቆለፈ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ወደተፈታው ወገን ያፈሰዋል፤ ፊትም አይጎትትም።

የጠመኔ ፈተና

ፊቱ የማይጎትት መኪና ሕመሙ የት እንደሆነ ያለ መፍታት የሚለይበት ዘዴ ይህ ነው። ሜዳ ላይ ሞተር ይጠፋል፤ የኋላ ጎማዎች በሁለቱም ወገን በድንጋይ ወይም በታኮ ይያዛሉ። ሁለቱም ሀቦች ተቆልፈው ማንሻው 4ኤች ላይ ይደረጋል። ወደ ፊት ዲፈረንሻል በሚሄደው ሻፍት ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። ከዚያ አንድ የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ይዞራል።

ጎማው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ከቆመ በዚያ ወገን ትራንስፈሩም ሀቡም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ጎማው እየዞረ የጠመኔው መስመርም አብሮ ከዞረ 4ኤች አልገባም፤ ማንሻውን፣ ከማንሻው ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ማያያዣና ሹካውን መፈተሽ ይገባል። ጎማው እየዞረ መስመሩ ከቆመ ደግሞ ጥፋቱ ከሁለቱ ሀቦች በአንዱ ወይም በጎማ ሻፍት ላይ ነው፤ ትራንስፈሩ ንጹሕ መሆኑን ግን ይህ ብቻ አያረጋግጥም። ፈተናው በሌላው ጎማም ይደገማል።

ዘይት

ዘይት ሲታይ በመጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው መሙያ ቡሎን ነው። የታችኛው ቀድሞ ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ አልፈታ ካለ መኪናው ባዶ ሳጥን ይዞ ይቆማል። ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር መድረስ አለበት። ብዙ የጥርስ ሳጥኖች 90 ቁጥር የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ሲወስዱ፣ አንዳንድ ባለ ሰንሰለቶች ቀጭኑን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋሉ።

ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያሳያል። መኪናው ሲነዳ ቆይቶ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ሳጥኑ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ የውስጡ አየር ስለሚኮማተር መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውኃ በዘይት ማገጃው በኩል ይሳባል። ማግኔት ባለው ቡሎን ላይ የተለጠፈ ግራጫ ቅባት የተለመደ ነው። ስንጥር ብረት ወይም የጥርስ ፍንካች ግን የመክፈቻ ሰዓት መድረሱን ይናገራል።

በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ካምቢዮው ሲጎድልበት ትራንስፈሩ ሞልቶ ሲተርፍ ይታያል። ምድር ላይ አንዲት ጠብታ ባትወድቅም በሁለቱ መካከል ያለው ማገጃ ጎማ አርጅቶ ዘይቱን እያሳለፈ ነው። ትራንስፈሩን ብቻ እያየ የሚሄድ ሰው ካምቢዮውን ያቃጥላል።

ድምፅና ማርሽ መዝለል

በሜዳ መንገድ ላይ የካምቢዮው ማርሽ ወጥቶ ፍሪሲዮን ሲረገጥና የሞተሩ ዙር ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ካልተለወጠ ምንጩ ከካምቢዮ በኋላ ነው፦ የትራንስፈሩ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ (የሻፍት መገጣጠሚያ)፣ ዲፈረንሻል ወይም የጎማ ኩሽኔታ። ሲነሣና ሲቆም አንዴ ቋ የሚል ድምፅ በመጀመሪያ ክሮቼራውን ያስጠረጥራል። በባለ ሰንሰለት ሳጥን ላይ በዳገት፣ አራቱም ጎማ ገብቶ ጭነት ሲበዛ በተደጋጋሚ የሚሰነጥቅ ድምፅ ከመጣ ሰንሰለቱ ረዝሞ ጥርስ እየዘለለ ነው።

ከሁሉም አደገኛው ቁልቁለት ላይ ከ4ኤል ወደ ኤን መዝለል ነው። ያን ጊዜ የሞተሩ ይዞታ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ መኪናው በፍሬን ብቻ ይቀራል። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎች ይታያሉ፤ ከተቀደዱ ሳጥኑ እየተንቀሳቀሰ ማንሻውን ይጎትተዋል። ጎማዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ጥፋቱ በማርሹ ጥርስ፣ በሹካው ወይም ሹካውን በሚይዘው ሞላ ላይ ይሆናል።

ጥንቃቄና የመንገድ መፍትሔ

ትራንስፈሩ ኤን ላይ ሲሆን ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ቢሆንም መኪናውን አይዝም። በዲፌንደር የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከትራንስፈሩ የሚወጣውን የኋላ ሻፍት ስለሆነ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ሕይወት የሚያድነው ታኮ ነው።

ላንድክሩዘር 70 የኋላ ሻፍቱ መንገድ ላይ ቢሰበር ሻፍቱ ተፈትቶ፣ ሀቦቹ ተቆልፈው፣ በ4ኤች በፊት ጎማ ብቻ ወደ ከተማ ይደረሳል። ሁልጊዜ በአራቱም የሚጎትተው ግን አንድ ሻፍት ሲሰበርበት ሞተሩ እያጓራ ቆሞ ይቀራል፤ መካከለኛው ዲፈረንሻል ሲቆለፍ ኃይሉ ወደ ጤነኛው ሻፍት ይሄዳል። ባለ መካከለኛ ዲፈረንሻል መኪና በዚህ ሁኔታ ሲቆም ትራንስፈሩ ፈረሰ ከማለት በፊት የዲፈረንሻሉን ቁልፍ መሞከር ይገባል።