ባኽ ሙሉውን ያልሰማው ቅዳሴ

ከአንድ ጓደኛዬ የተዋስኩት የባኽ «ቅዳሴ በቢ ሚነር» ሁለተኛው ሸክላ ላይ ደርሷል፤ ልቤ ግን ከጥናቴ ላይ ነበር። «ተሰቀለ» የሚለው ክፍል ሲጀምር ደብተሬን ዘጋሁ።

የባሱ ድምፅ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው በግማሽ በግማሽ እርምጃ ዝቅ ይላል። ያንኑ መንገድ ደግሞ ደጋግሞ ይሄዳል፤ መዘምራኑ ከላዩ ያቃስታሉ። 13ኛው ላይ መንገዱን ይለውጥና ድምፃቸው እየወረደ፣ እየሳሳ ሄዶ ዝም! ወዲያው መለከትና ከበሮ፦ «ተነሣ»። እኔም ከአልጋዬ ብድግ አልኩ፤ አትሳቁብኝ።

ታሪኩን ብጠይቅ ይህ ልቅሶ አዲስ አልነበረም። ባኽ በ1714 እ.ኤ.አ. ቫይማር ሳለ ለሌላ መዝሙር የሠራው ነው። የቅዳሴውን የመጀመሪያ ክፍሎች በ1733 ለሳክሶኒው ገዥ የላካቸውም የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሲለምን ነበር እኮ! እሱ ሉተራን፣ ገዥው ካቶሊክ። ማዕረጉን በ1736 አገኘ። ቀሪውን አሰባስቦ የጨረሰው በ1749 አካባቢ፣ ዓይኑ እየደከመ ነው፤ በ1750 ሞተ። ሙሉውን መስማቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል በ1786 ሃምቡርግ ላይ ያሰማው ጸሎተ ሃይማኖቱን ብቻ ነው።

እኔ በአንድ ማታ ሁለቴ ሰማሁት።