ኮክሌር ኢምፕላንት እና ሙዚቃ

ኮክሌር ኢምፕላንት በከባድ ደረጃ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በቀዶ ሕክምና በውስጥ ጆሮ የሚተከል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። በዋናነት የተሠራው ንግግርን ለማሰማት በመሆኑ ተጠቃሚዎቹ የዘፈንን ምት በደንብ ይከታተላሉ፤ ዜማውን መለየት ግን ያስቸግራቸዋል። የዜማ ልዩነታቸው በጥቂት ድምፆች ላይ የተመሠረተው የወሎ ቅኝቶች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

ታሪክ

የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ቀደምት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1957 በፓሪስ በአንድሬ ጁርኖ እና በሻርል ኤይሪየስ ተደረገ። ባለብዙ ኤሌክትሮድ መሣሪያዎች በ1977 በቪየና በኢንገቦርግ እና በኤርዊን ሆክማየር፣ በ1978 ደግሞ በሜልበርን በግሬም ክላርክ ቡድን ለሰው ተተከሉ።

አሠራር

ኮክሊያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ የውስጥ ጆሮ ክፍል ሲሆን በጤናማ ጆሮ 3,500 ያህል ውስጣዊ የፀጉር ሕዋሳት አሉት። ቀጭን ድምፅ መግቢያውን፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጫፉን ያነቃቃል። ሕዋሳቱ ሲጎዱ ኢምፕላንቱ እነሱን አልፎ ነርቩን በቀጥታ ያነቃቃል። ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ክፍል ድምፅን በማይክሮፎን ተቀብሎ እንደ ድግግሞሹ በባንዶች ይከፋፍላል፤ ከዚያም በቆዳ በኩል ወደ ተተከለው ክፍል በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ወደ ኮክሊያ የሚገባው ሽቦ እንደ አምራቹ ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮዶች አሉት። ኤሌክትሪኩ በኮክሊያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚሰራጭ ጎረቤት ኤሌክትሮዶች ተመሳሳይ ነርቮችን ይነካሉ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የየባንዱን ጥንካሬ እንጂ ፈጣኑን የንዝረት ዝርዝር አያስተላልፉም። ለንግግር ይህ ይበቃል፤ ለዜማ ግን አይበቃም።

የወሎ ቅኝቶች ምሳሌ

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን የሚገኙ ሥፍራዎች ሲሆኑ ለሁለት ቅኝቶች ስም ሆነዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን በትዝታ ማይነር ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። በአምባሰል ደግሞ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው።

ግማሽ ድምፅ የድግግሞሽ 6 በመቶ ያህል ልዩነት ነው። ዶ 262 ኸርዝ ቢሆን ሚ 330፣ ዝቅ ያለው ሚ 311 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 19 ኸርዝ ሲሆን የኢምፕላንቱ ባንድ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ኸርዝ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለቱን ትዝታዎች የሚለየው ነገር በቀላሉ ይደበዝዛል። የተጠቃሚዎች ችሎታ የተለያየ ነው፤ አንዳንዶች ግማሽ ድምፅ ይለያሉ፣ ብዙዎች ግን በጣም ሰፋ ያለ ርቀት ያስፈልጋቸዋል።

ምት እና የመሣሪያ ድምፅ

ምትን በመከታተል ተጠቃሚዎቹ ጤናማ ጆሮ ካላቸው ሰዎች ብዙም አይርቁም። በድቤና በጭብጨባ የሚታጀበው፣ አዝማቹ የሚደጋገመው የወሎ መንዙማ ምቱ ጎልቶ ስለሚሰማ በዚህ በኩል ይመቻል። የመሣሪያዎችን ድምፅ መለየት ከባድ ነው፤ ሆኖም እንደ ክራር ተመትተው የሚጀምሩት እንደ ዋሽንት ከሚነፉት ይቀላሉ። ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ ሲጫወት ሁሉም ይደባለቃል።

ደስታ እና ልምምድ

ትክክለኛ መለየትና መደሰት አንድ አይደሉም። ጎልማሳ ሆነው፣ ለምሳሌ በማጅራት ገትር፣ መስማት ያቆሙ ሰዎች አዲሱን ድምፅ ከሚያስታውሱት ዘፈን ጋር ያነጻጽራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብዙዎቹ ያዝናሉ። በሕፃንነታቸው የተተከለላቸው ልጆች ማነጻጸሪያ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ በሙዚቃ ይደሰታሉ፣ ይጨፍራሉም።

የሚከተሉት ነገሮች ይረዳሉ፦

* ግጥሙ የሚታወቅ ዘፈንን በአንድ መሣሪያ ታጅቦ ማዳመጥ፤
* ጸጥ ያለ ክፍል መምረጥ ወይም ድምፁን ከስልክ በቀጥታ ወደ መሣሪያው መላክ፤
* በሌላው ጆሮ የቀረ መስማት ካለ የመስሚያ መሣሪያ መጠቀም፤ ወፍራም ድምፆችን ስለሚያሰማ ዜማን ለመከተል ያግዛል፤
* አንድን ዘፈን ደጋግሞ ማዳመጥ፤ አእምሮ ከአዲሱ ድምፅ ጋር የሚላመደው በወራትና በዓመታት ነው።