ዋይፋይ የማይደርስበትን ክፍል ማዳረስ፦ ሪፒተር እንዴት ይሠራል? ለካርቱም ነዋሪዎችስ ምን ይጠቅማል?

እአአ በየካቲት 2024 መጀመሪያ የሱዳን ሦስት ዋና ዋና የቴሌኮም ኩባንያዎች፣ ሱዳኒ፣ ኤምቲኤን እና ዛይን፣ አገልግሎታቸው በተከታታይ ተቋረጠ። እአአ ሚያዝያ 15/2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት አሥር ወር ሊሞላው በተቃረበበት በዚያ ወቅት፣ ካርቱም፣ ኦምዱርማን እና ባህሪ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተለያዩ።

የመቋረጡ ጉዳት ከወዳጅ ዘመድ ድምፅ መራቅ ብቻ አልነበረም። ጥሬ ገንዘብ በጠፋባት ከተማ "ባንካክ" የተሰኘው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ገንዘብ ለመላክና ዳቦ ለመግዛት የሚያገለግል ዋነኛ መንገድ ሆኖ ነበር። በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩት የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች ለማኅበረሰብ ማዕድ ቤቶቻቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚያገኙትም በዚሁ መንገድ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ከእነዚህ ማዕድ ቤቶች በርካታዎቹ ሥራ ለማቆም ተገደዱ።

ክፍተቱን በከፊል የሞላው ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ነው። በወቅቱ በሱዳን ፈቃድ ስላልነበረው ነዋሪዎች የተጠቀሙት በሌሎች አገራት የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ነበር። ሱቆችና ሻይ ቤቶች አገልግሎቱን በሰዓት ይሸጡ ጀመር፤ አንድ ዲሽ ለአንድ ሰፈር መተንፈሻ ሆነ። በከተማዋ ለረጅም ዓመታት ለኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ደኅና መሆናቸውን ለቤተሰብ የሚያሳውቁበት መንገድ ይኸው ነበር።

የሱዳን ጦር እአአ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ነዋሪዎች ወደ ቀያቸው መመለስ ቢጀምሩም የኤሌክትሪክና የቴሌኮም መሠረተ ልማቱ ክፉኛ ተጎድቷል። በመሆኑም አንድን የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ክፍሎች፣ አንዳንዴም ለብዙ ቤቶች ማዳረስ ተግባራዊ ጥያቄ ሆኖ ቀጥሏል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ርካሽ መሣሪያዎች አንዱ ሪፒተር ነው።

ዋይፋይ ለምን ይደክማል?

የዋይፋይ ራውተር መረጃን የሚያስተላልፈው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከርቀት ጋር ይደክማል፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል። ወፍራም የጭቃ ጡብና ብረት ያለበት ኮንክሪት ብዙውን ይውጡታል፤ ቆርቆሮ ያንጸባርቀዋል፤ በውሃ የተሞላ ታንከርም ያግደዋል። በካርቱም እንደተለመደው ክፍሎቹ ግቢን ከበው በተሠሩበት ቤት፣ በአንዱ ጥግ የተቀመጠ ራውተር ግቢውን አቋርጦ ሌላው ጥግ ላይ ላይደርስ ይችላል።

አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራሉ። 2.4 ጊጋኸርትዝ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፤ ሆኖም ፍጥነቱ አነስተኛ ነው፤ ከጎረቤት ዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋርም ይጋፋል። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ፊት ቶሎ ይረታል።

ሪፒተር የሚሠራውና የማይሠራው

ሪፒተር ከራውተሩ የሚመጣውን ሲግናል ተቀብሎ እንደገና በራሱ ኃይል ያሰራጫል። አዲስ ኢንተርኔት ግን አይፈጥርም። ከዲሹ የሚመጣው መስመር ቀርፋፋ ከሆነ ሪፒተር አያፈጥነውም፤ ከተቋረጠም አይቀጥለውም።

አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ሪፒተር መስማትና መናገር የሚችለው በየተራ ነው። ስለዚህ የሚያስተላልፈው ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ራውተሩ ዘንድ 40 ሜጋቢት በሰከንድ የነበረው ከመጀመሪያው ሪፒተር በኋላ ወደ 20፣ በእሱ ላይ ሌላ ቢቀጠል ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። ባለሁለት ሞገድ ሪፒተር በ5 ጊጋኸርትዝ ተቀብሎ በ2.4 ማሰራጨት ስለሚችል ይህን ኪሳራ ይቀንሳል።

ለመልእክት፣ ለድምፅ ጥሪና ለባንክ ዝውውር ግን ጥቂት ፍጥነት ይበቃል። ብዙ ሰው በሚጋራው መስመር ላይ ትልቁ ሸክም ቪዲዮ ነው። በስልክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ማድረግ አንዳንዴ ሌላ መሣሪያ ከመግዛት የበለጠ ይረዳል።

የት ይቀመጥ?

የተለመደው ስህተት ሪፒተሩን ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ መሰካት ነው። ራሱ በቅጡ ያልሰማውን መልሶ ሊያሰማ አይችልም። ተገቢው ቦታ በራውተሩና በክፍሉ መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጠንካራ የሆነበት ነው።

የሲግናል ጥንካሬን የሚለኩ ነፃ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ልኬቱ ዲቢኤም ይባላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ በታች 50 በጣም ጥሩ፣ 67 በቂ፣ 80 ደግሞ ከሞላ ጎደል የማያገለግል ነው። በየ10 ነጥቡ ኃይሉ በ10 እጥፍ ስለሚቀንስ በ60 እና በ80 መካከል ያለው ልዩነት 100 እጥፍ ነው። ሪፒተሩ ከ67 ያልባሰ ሲግናል በሚያገኝበት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ከፍ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከመደርደሪያ በላይ ወይም ግቢውን ከሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ከወለል ይሻላል። ሙቀትም መዘንጋት የለበትም። ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ሪፒተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ በካርቱም ደግሞ በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከዚህ ማለፉ የተለመደ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ቦታና "ሃቡብ" ከሚያመጣው አቧራ ማራቅ ዕድሜውን ያራዝማል።

ገጠማውና ኃይሉ

ሁለቱም መሣሪያዎች የደብሊውፒኤስ ቁልፍ ካላቸው የራውተሩን፣ ከዚያም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሪፒተሩን መጫን ያገናኛቸዋል። ቁልፉ ከሌለ በስልክ የሪፒተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ የራውተሩን ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። አንዳንድ አሮጌ ራውተሮችም ማስተካከያቸው ውስጥ ሪፒተር የመሆን ምርጫ አላቸው፤ አዲስ ከመግዛት በፊት መፈተሽ ተገቢ ነው።

ሪፒተር የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ በሶላር በሚሞላ ባትሪ ሊሠራ ይችላል። የስታርሊንክ መደበኛ ዲሽ ግን ከ50 እስከ 100 ዋት ሊወስድ ይችላል። የባትሪው ስሌት ከእሱ መጀመር አለበት።

ገመድ መዘርጋት በሚቻልበት ቦታ የኔትወርክ ገመድ ከሪፒተር ይሻላል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ሁለተኛ ራውተር ያገናኛል። መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላ ቤት ለማድረስ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ የውጭ አንቴናዎች ይመረጣሉ።

ሲግናሉ በሰፋ ቁጥር የሚሰማው ሰውም ይበዛል። የይለፍ ቃሉ ጠንካራ፣ ምስጠራውም ቢያንስ ደብሊውፒኤ2 መሆን አለበት። ራውተሩ ለእንግዶች የተለየ ኔትወርክ የሚፈቅድ ከሆነ ጎረቤቶችና ደንበኞች በዚያ ቢገቡ የባለቤቱ መሣሪያዎች ከዓይን ይርቃሉ። ሰፈሩ በሙሉ ባንካክን በአንድ መስመር በሚጠቀምበት ቦታ፣ የዚያ መስመር ይለፍ ቃል የብዙ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚያልፍበት በር ጠባቂ ነው።